ታጣፊው አልጋ የሚዘረጋበት ቦታ

መስከረም 8

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አጎቴ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስዎት ጉልበትዎ ጸንቶ፣ መጋዝዎ ስሎ፣ እማዬም ሰላም ሆና እንዲያገኛችሁ ምኞቴ ነው። እኔና ልጄ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እሷማ ከደህናም በላይ ናት። ሦስት ወሯን ሳትጨርስ ጉንጯ ጉንጬን አክሏል። ስሟን ትቼ ድንቡሼ ነው የምላት፤ ሲያዩዋት እርስዎም ሌላ ስም አይወጣልዎትም።

ዋናው ጉዳዬ ይኸውልዎት፤ በየካቲት መጀመሪያ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ድንቡሼን ይዤ ልመጣ ነው። ለእማዬ ይንገሯት፣ ግን ቀስ ብለው ይንገሯት፤ ከአሁኑ ቤት ማጠብ እንዳትጀምር።

ያስቸገረኝ የመኝታዋ ነገር ነው። እዚህ የምትተኛው የቁም ሣጥኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። አይሳቁ ጋሼ! መሳቢያውን አውጥቼ፣ ሁለት ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ብርድ ልብስ አንጥፌበት፣ ልዕልት መስላ ነው የምትተኛው። መሳቢያ ተሸክሜ ግን አውሮፕላን ላይ አልወጣም። ስለዚህ ከሥራ ስወጣ የሕፃናት ዕቃ መሸጫ እየገባሁ ታጣፊ አልጋ ሳማርጥ ሰነበትኩ። ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ እንደ ድንኳን ያለ ነው፤ ከቦርሳው ሲያወጡት በራሱ ብድግ ብሎ ይቆማል። ሁለት ኪሎ አይሞላም፣ ነገር ግን ልጅ መቀመጥ ከጀመረ አይሆንም ይላሉ። ሁለተኛው አራት እግር አለው፣ ዙሪያው መረብ ነው፣ ታጥፎ ረጅም ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ እሱ ዐሥር ኪሎ ነው። ሦስተኛው የእንጨት ሆኖ በማጠፊያ ይታጠፋል። እርስዎ ቢያዩት ደስ ይልዎት ነበር፤ እኔ ግን ተሸካሚ ያስፈልገኛል።

ሻጩ "እስቲ ራስሽ ዘርጊው" ብሎኝ የመረቡን መሐሉን ተጭኜ ስዘረጋው ጎኑ እጄ ላይ እጥፍ አለ። ለካ መጀመሪያ አራቱን ጎን ቋ እስኪል ስቦ ነው መሐሉ የሚወርደው። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ወደ ሁለት ኪሎው አዘንብያለሁ። ለሁለት ሳምንት ዐሥር ኪሎ ምን ያደርግልኛል? ብቻ ከመግዛቴ በፊት የእማዬን ክፍል ልክ ይላኩልኝ። በአልጋዋና በመስኮቱ መካከል ስንት ሳንቲ አለ? ድንቡሼ እዚያ፣ ከአያቷ አጠገብ እንድትተኛ ነው የምፈልገው።

ሥራዬ እዚያው አዛውንቶች መጦሪያው ነው። ማንሣት፣ ማገላበጥ፣ ማጠብ። ጓደኛዬ ስትገባ እኔ እወጣለሁ፣ እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች፤ ልጅቷን በፈረቃ ነው የያዝናት። እንዳልደውል ማደሪያችን ስልክ የለውም፤ ቢኖረውም የእርስዎን ጆሮ መጋዙ በልቶታል።

እማዬ ባለፈው ደብዳቤ ግርጌ ላይ የለመደቻትን ሁለት መስመር አልጻፈችልኝም። ተቀይማኝ ነው? ስለ ልጄ አባት ሁለታችሁም ስላልጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 2

ለልጄ ለመርማሪዋ፣

በልጅነትሽ በጥያቄ ስታደርቂኝ ያወጣሁልሽ ስም ይኸው ዛሬም አልለቀቀሽም። እንደምን ከረምሽ? መንገድሽ ይቅናሽ፣ ጉልበትሽ ይበርታ፣ ድንቡሼ ትደግልሽ።

መሳቢያ! የአናጢ ዘር መሳቢያ ውስጥ ስትተኛ ሰማሁ። ለመሆኑ መሳቢያው ከምንድነው የተሠራው? ኮምፔርሳቶ ከሆነ ኮላው ይሸታል፤ መስኮት ክፈቺላት። ወለሉ በትንንሽ ሚስማር ብቻ ከተያዘ ደግሞ አንድ ቀን ልጅቷን ይዞ ዱብ ይላል፤ ገልብጠሽ እይው።

ስለ አልጋው ምክር ከጠየቅሽኝ፣ ያ ብድግ የሚለው ድንኳን አልጋ አይደለም። በራሱ የሚቆም ነገር በራሱ ይወድቃል። መሐሉ ሲጫኑት ጎኑ የሚታጠፈውንማ ወጥመድ ነው የምለው። ደግሞ ፍራሹን በእጅሽ ተጫኚው። ለአንቺ የሚመችሽ ከሆነ ለእሷ አይሆንም፤ የሕፃን ፍራሽ ጠንከር ማለት አለበት። በፍራሹና በጎኑ መካከል ሁለት ጣትሽ ከገባ ተዪው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ምንም አለመግዛትሽ ነው፤ እዚሁ እኔ እሠራላታለሁ። ለአገሩ ልጅ ሁሉ አልጋ ስሠራ ኖሬ ለገዛ ልጄ ልጅ ከሱቅ ይመጣልኛል?

እናትሽ ደህና ናት። እጇን ትንሽ ስለሚያማት ነው ያልጻፈችልሽ እንጂ በምን ትቀየምሻለች? መምጣትሽን ስነግራት ዐይኗ እንባ ሞላ። እኔም ሰሞኑን እሷው ቤት ነኝ፤ ጣራው ስለሚያፈስ እየጠጋገንኩ ነው።

የክፍሉን ልክ በሚቀጥለው እልክልሻለሁ። ሜትሬን ሰው ተውሶኝ ሄዷል።

አጎትሽ


ጥቅምት 25

ለማከብርዎት አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎና ሥራዎ እንዳይለይዎት እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። መሳቢያውን ገልብጬ አየሁት፤ እንዳሉት ሦስት ሚስማር ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ ደግሞ ወልቋል። አሁን ወለል ላይ አውርጄዋለሁ።

ጋሼ፣ ሜትር የሌለው አናጢ ዛሬ ገና ሰማሁ። እባክዎ ልኩን ይላኩልኝ፤ ጉዳዩ ያጣድፈኛል።

የድንኳኑን ነገር ትቼዋለሁ። ሻጩን ስንት ወር ያገለግላል ብዬው "ስድስት" አለኝ፤ ስድስት ወር ምኑ አልጋ ይባላል? አሁን መረቡን ነው የያዝኩት። ዐሥራ አምስት ኪሎ ይችላል። ልጅ በራሱ ተንጠላጥሎ መውጣት እስኪጀምር ይሆናል ይላሉ፤ ጠንቀቅ ካሉ ሁለት ዓመት ያልፋል። ግን እግሮቹ ላይ ያለው ፕላስቲክ ቢሰበር እዚያ መለዋወጫ ይገኛል? ወይስ እርስዎ በእንጨት ይተኩታል? ጨርቁ ወልቆ ይታጠባል፤ እማዬ ማጠብ አይከብዳትም? የእንጨቱን ባመጣውስ? ጎኑን ሲያወጡለት የትልቅ ልጅ አልጋ ይሆናል፣ እስከ አራት ዓመት ያደርሳል አሉኝ። ግራ ገብቶኛል። ትናንት አንድ ሰዓት ሙሉ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ሻጩ ራሱ ሰልችቶት ወንበር አመጣልኝ።

እማዬ እጇ የትኛው ነው ያመማት? አታንሺ አታንቀሳቅሺ ብሎ የሚከለክላት ሰው አለ ወይስ እንደ ልማዷ ታግሳ ትሠራለች? አንዲት መስመር እንኳ ትጻፍልኝ።

ድንቡሼ መሳቅ ጀምራለች። ድምፅ አውጥታ ነው የምትስቀው፤ ስትስቅ ራሷ ደንግጣ ዝም ትላለች።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 18

ለልጄ፣

ሰላም ላንቺና ለድንቡሼ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ።

ሰው ፊት ብዙ ዋሽቻለሁ። "ነገ ይደርሳል" ያልኩት ቁም ሣጥን ስንት ወር ቆይቷል! ልኬት ላይ ግን ዋሽቼ አላውቅም፤ አሁንም አልችልም። ክፍሉ ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ከሰባ ነው። ከእናትሽ አልጋ እስከ መስኮቱ ሰማንያ አምስት ሳንቲ፣ በሌላው በኩል እስከ ግድግዳው ሰማንያ። የአልጋዋ ከፍታ ከነፍራሹ ሠላሳ አምስት። በሩ ሰባ አምስት ነው፤ ታጥፎ የሚገባ ነገር ሁሉ ይገባል።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። አርባ ዓመት አልጋ ሠርቻለሁ። ሰው አልጋ ሊያዝ ሲመጣ ርዝመትና ወርድ ነግሮኝ ይሄዳል እንጂ የቤቱን ጉዳይ አይነግረኝም። ግን ይታወቀኛል። ሊያገባ ያሰበው ይታወቀኛል። ከሚስቱ ጋር አልጋ ሊለይ የመጣውም ይታወቀኛል። አንቺ በመጀመሪያ ለሁለት ሳምንት አልሽኝ። ቀጥሎ ሁለት ዓመት መጣ፣ መለዋወጫ መጣ፣ ጨርቁን ማን ያጥባል መጣ፣ እስከ አራት ዓመትም ደረስሽ። ለሁለት ሳምንት እንግድነት የሚመጣ ልጅ ዐሥራ አምስት ኪሎ እስኪሞላው የሚችል አልጋ ምን ያደርግለታል?

ልጄ፣ ድንቡሼን እዚህ ትተሻት ልትመለሺ ነው? ከሆነ ንገሪኝ። አልቆጣሽም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 10

ለአጎቴ፣

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። አዎ ጋሼ፤ ትቻት ልመለስ ነው።

አፍሬ ነው ያልነገርኩዎት። ጓደኛዬ የሥራ ውሏ በጥር መጨረሻ ያልቃል፣ ወደ አገሯ ትገባለች። እሷ ከሄደች ፈረቃዬ ላይ ድንቡሼን የሚይዝልኝ የለም። ማደሪያውም ቢሆን ልጅ አይፈቀድበትም፤ ኃላፊዋ እስካሁን ዐይታ እንዳላየች ሆና ነው ያለፈችኝ። ባለፈው ሳምንት ጠርታ "እስከ ጥር መጨረሻ፣ ከዚያ በላይ እኔም እንጀራዬን አጣለሁ" አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም። ሥራውን ብለቅ የመኖሪያ ፈቃዴ አብሮ ይሄዳል፤ ለእማዬ የምልከውም ይቀራል። ወዲህ ብል ወዲያ የምይዘው የምጨብጠው አጣሁ። እማዬ እኔን ያለማንም ረዳት አሳድጋለች፤ ሁለት ዓመት ብቻ ትያዝልኝ ብዬ ነበር ያሰብኩት። የጡት ነገር እንዳያሳስባት ብዬ ጡጦ አስለምጃታለሁ። ስትለምድልኝ ደስ አላለኝም።

አሁን ተራው የእኔ ነው። እርስዎ ከአልጋ ሰው እንደሚያውቁት እኔም በሥራዬ ትንሽ አውቃለሁ። የእማዬ አልጋ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነበር የሚቆመው፤ ከፍታውም ልጅ ሆኜ ሥሩ ቁጭ ብዬ የምጫወትበት ያህል ነበር። አሁን በሁለቱም በኩል ሰማንያ ሳንቲ ክፍት ሆኗል። እኛ መጦሪያው ውስጥ አልጋ ከግድግዳ የምንነጥለው ከሁለት ወገን ቆመን ለምናገላብጠው ሰው ነው። ወደ ሠላሳ አምስት ዝቅ የምናደርገውም አንድ ጊዜ ለወደቀ ሰው ነው። የአልጋዋን እግር የቆረጡት እርስዎ ነዎት።

እማዬ ምን ሆና ነው? እባክዎ ጋሼ፣ ደህና ናት አይበሉኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 1

ልጄ ሆይ፣

ፈጣሪ ያጽናሽ። ደብዳቤሽን ዛሬ ጠዋት አገኘሁ፤ ሳልውል ሳላድር መመለስ አለብኝ ብዬ መላጊያዬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

እናትሽ በነሐሴ ወደቀች። ልብስ አስጥታ ስትገባ ደጃፉ ላይ ነው የወደቀችው። ቀኝ ጎኗ በሙሉ አይሰማትም፤ አንደበቷም ተይዟል። ሰው ታውቃለች፣ ሁሉንም ትሰማለች፤ ያልኳትን ሁሉ ይገባታል። መናገርና መነሣት ብቻ ነው የተነሣት። አንቺ ያኔ የሁለት ወር አራስ ነበርሽ፤ ጡትሽ ይደርቃል ብዬ ደበቅኩሽ። ከዚያ አንዴ የደበቁትን ነገር ማውጣት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ጣራው አያፈስም። ሱቄን ዘግቼ ዕቃዬን እዚህ በረንዳ ላይ አምጥቼ፣ እየላግሁ እጠብቃታለሁ።

እጠብቃታለሁ አልኩሽ እንጂ ምኑን ጠበቅኳት! በጥቅምት አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ወደቀች። እኔ በረንዳው ላይ፣ ከእሷ አምስት እርምጃ ርቀት በር እየላግሁ ነበር። በቻለችው ድምፅ ስትጣራ አርፍዳለች። ምሳ ይዤ ስገባ ነው ወለሉ ላይ ያገኘኋት። ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። የአልጋውን እግር የቆረጥኩት ያን ቀን ነው።

እንግዲህ አስቢው። እናትሽ ትሰማለች፣ መነሣት አትችልም። እኔ እነሣለሁ፣ አልሰማም። ሁለታችን ተደምረን አንድ ሞግዚት አይወጣንም። ድንቡሼ ትን ቢላት፣ ብርድ ልብሱ ፊቷ ላይ ቢወድቅባት፣ እናትሽ ዐይኗ እያየ ምን ልታደርግላት? እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እላጋለሁ። ይህን በእህቴ ላይ አላደርገውም፤ በልጅሽም ላይ አላደርገውም።

አታምጪያት። ሌላ መላ ፈልጊ። የምልሽ ይኸው ነው፤ ይቅር በይኝ።

አጎትሽ


ጥር 9

ለልጄ፣

መልስሽ ሳይደርሰኝ ሁለተኛ መጻፌ ነው። ያንን ደብዳቤ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከከተትኩት ጀምሮ እህል አልወርድልህ ብሎኛል። በማግስቱ ሄጄ የፖስታ ቤቷን ልጅ መልሺልኝ ብላት ወጥቷል አለችኝ።

ለእናትሽ ሁሉንም አነበብኩላት፤ ያንቺንም የእኔንም። "አታምጪያት" የምትለው ጋ ስደርስ ፊቷን አዞረች። ሦስት ቀን ከእጄ እህል አልቀበል አለች። አንቺ ታውቂያታለሽ፤ አንደበት ሳይኖራትም ከእሷ ጋር ክርክር አይቻልም። በአራተኛው ቀን በደህናው እጇ የጋቢዬን ጫፍ ይዛ ሳበችኝ። "ምንድነው?" አልኳት። ደግማ ሳበችኝ። ዐይኗ መስኮቱ ሥር፣ ባዶው ቦታ ላይ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ።

ገመድ ነው ልጄ! የተወሳሰበ ነገር አይደለም፤ እስካሁን አለማሰቤ ያናድደኛል። ከአልጋዋ ጠርዝ በመስኮቱ በኩል አውጥቼ፣ ሁለት ቀለበት ውስጥ አሳልፌ፣ ጫፉን ወገቤ ላይ አሰርኩት። ጎረቤታችን አዋላጇ የልጅ ልጇን አምጥታ ክፍሉ ውስጥ አስተኛችልን። ሕፃኗ ስታለቅስ እናትሽ ትስበዋለች፣ እኔ በረንዳው ላይ መላጊያዬን ጥዬ እሮጣለሁ። ሰባት ጊዜ ሞከርን፤ ሰባቱንም ጊዜ ደረስኩ። በመጨረሻ ሕፃኗ ዝም ብላ ሳለ ሳበችኝ። ደንግጬ ስገባ እየሳቀችብኝ ነው። ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው የሚስቀው፤ ቢሆንም ሳቅ ነው። አዋላጇም ጠዋትና ከሰዓት እየመጣች ድንቡሼን ታጥብልናለች፤ ቃል ገብታልኛለች።

አልጋውን እኔ እሠራለሁ ያልኩሽን ተዪው፤ የእንጨቱንም ተዪው። መረቡን አምጪ። የእንጨቱ ርብራብ ዐይን ይከልላል፤ መረብ ከሆነ እናትሽ ተኝታ ፊቷን ታያታለች፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ታያለች። መሐሉ ወደ ታች የሚወርድ ነው ብለሻል፤ ከእሷ አልጋ ጋር እኩል ይመጣል። ወርዱ ከሰማንያ እንዳይበልጥ ብቻ እይልኝ። ስትዘረጊው መጀመሪያ አራቱን ጎን፣ ቋ እስኪል።

የፖስታ ቤቷ ልጅ ወደ መጦሪያው ደውላልኝ ነበር። ያነሣው ሰው ሠራተኛ በስልክ አንጠራም ብሎ ዘጋባት። ይህ ወረቀት ጥር ሠላሳ ገደማ ይደርስሻል ብላኛለች። በጊዜው ነው፤ ጉዞሽ ገና የካቲት ነው።

ከታች ያለው የተጣመመው ጽሕፈት የእናትሽ ነው። በግራ እጇ ነው። ካላነበብሽው፣ "አምጪያት" ነው የሚለው።

አጎትሽ


ጥር 25

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ጤናዎ ይብዛልኝ፤ እማዬንም ፈጣሪ ይማርልኝ። የጥር አንድ ደብዳቤዎ ከሦስት ቀን በፊት ደረሰኝ።

እውነቱን ነው የነገሩኝ። አንብቤው መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ የሰው እናት ሳገላብጥ መዋሌን አስቤ አለቀስኩ። ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፤ ስድስት ወር ሙሉ የማላውቃቸውን ሰዎች ጀርባ እያሸሁ የእናቴን ጀርባ የሚያሽ አልነበረም። እርስዎን አልወቅስም። እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጣት ነበር?

በማግስቱ ለኃላፊዋ ነገርኳት፤ አንድ ወር ትጨምርልኝ እንደሆነ። አብራኝ አለቀሰች፤ ቀኑ ግን ቀኑ ነው። ቀለል ያለ ሥራ፣ ሌላ ቤት፣ ልጅ የሚይዝ ሰው፣ ያልጠየቅኩት አልቀረም። ሁሉም ያዝንልኛል። ከዚያ የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። ስለዚህ ቢሮ ጽፌልዎት አላውቅም፤ ከተወለደች ጀምሮ በደጁ ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነበር የማልፈው።

እዚያ ያለችው ሴትዮ በትሕትና ነው ያነጋገረችኝ። ባልና ሚስት አሉ፣ ልጅ አልወለዱም፣ ዓመት ሙሉ ሲጠብቁ ነበር። ከነገ ወዲያ፣ ጥር ሃያ ሰባት ይወስዷታል። ወደ ሌላ ከተማ ነው። የት እንደሆነ ለእኔ አይነገርም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። አንዴ ከፈረምኩ በኋላ መመለስ እንደሌለም ነግራኛለች። የምትተኛበትን ነገር እንኳ ልግዛላት ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አልጋ አላቸው አለችኝ፤ ክፍሏም ተዘጋጅቷል። ምን ዓይነት አልጋ ነው ልላት ነበር፤ ምኑን እላታለሁ?

አሁን ስጽፍልዎት አጠገቤ ናት። መቀመጥ ችላለች፤ ትንሽ ትቀመጥና በጎን ትወድቃለች፣ ተነሺ ብዬ ሳነሣት ትስቃለች። ትኬቱን አልመለስኩም። በየካቲት መጀመሪያ ብቻዬን መጥቼ ሁለት ሳምንት እማዬን እኔ አጥባታለሁ፤ እርስዎም ትንሽ ያርፋሉ። ስለ ድንቡሼ ለእማዬ ነግረዋት ከሆነ፣ እስክመጣ ሌላ ነገር አይጨምሩባት፤ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። እንዴት እንደምነግራት አላውቅም።

ትናንት ፈረምኩ። ቅጹ መጨረሻ ላይ "ልጅቷን ሊቀበል የሚችል የቅርብ ዘመድ አለ?" የሚል ጥያቄ ነበር። "የለም" ብዬ ጻፍኩ። ሴትዮዋ አንብባው "ለዚህኛው ማስረጃ ያስፈልገናል" አለችኝ። የእርስዎን ደብዳቤ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት።

የእህትዎ ልጅ